በር ተዘግቶ የተበላ ፒዛ

ጋሽ መዶሻ በስልሳ ሁለት ዓመቱ ሊጥ ማቡካት የጀመረው ጨንቆት ነው። ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ አንድም ቆርቆሮ ሠሪ ስለሆነ፣ አንድም ከአፉ ይልቅ መዶሻው ስለሚናገር። ቀኑን ሙሉ አሸንዳና ባልዲ ሲቀጠቅጥ ይውልና ማታ ቤቱ ገብቶ «እንዴት ዋልሽ» ይላል፤ «ደህና» ትለዋለች፤ ከዚያ በኋላ የምታወራው ሚስቱ ናት። ሠላሳ አራት ዓመት እንዲህ ኖረዋል። አይዋደዱም ያለ ካለ ተሳስቷል፤ ሰውየው እሷን ማዳመጥ ይወድ ነበር።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከሰኞ እስከ አርብ የሰው ሱሪ ስታሳጥር፣ የሰው ቀሚስ ስታሰፋ ትከርምና ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ የስፌት መኪናዋን በጨርቅ ሸፍና «በሉ ከእጄ ራቁ» ትላለች። ያን ጊዜ ጓዳ ውስጥ ለተረፈ ነገር ሁሉ ወዮለት። የትናንት ሩዝ ከእንቁላል ጋር ተለውሶ የፒዛ ቂጣ ይሆናል። የተቀቀለ ድንች ተደፍጥጦ ቂጣ ይሆናል። ደረቅ ዳቦ በወተት ርሶ፣ ዱባ ከዱቄት ጋር ተቦክቶ፣ አንዴማ ያረረ ብስኩት ተፈጭቶ ቂጣ ሆኗል። ከላይ የምታደርግበትንማ ባላወራው ይሻላል፤ ሙዝ በሽንኩርት፣ ቀይ ሥር በአይብ፣ ፖም በሰናፍጭ፣ ኦቾሎኒ በቲማቲም። ሕጓ አንድ ብቻ ነበር፤ አንድ ፒዛ ሁለት ጊዜ አይሠራም። እንዳትረሳም የደንበኞቿን ወገብና ትከሻ በምትጽፍበት ደብተር በጀርባው በኩል እያንዳንዱን ቅዳሜ በቁጥር ትጽፋለች። «ቁጥር 87፦ የሩዝ ቂጣ፣ ሙዝና ሽንኩርት። ልጄ አለቀሰች። ባሌ ዝም ብሎ ጨረሰው፤ እሱ ምስማር ቢቀርብለትም ይጨርሳል።»

የጋሽ መዶሻ ድርሻ መጋገሪያውን ትሪ መሥራት ነበር። ክብ ሠራላት፣ አራት ማዕዘን ሠራላት፣ ከአሸንዳ ቁራጭ ረዥምና ጠባብ ሠራላት። ልጃቸው ገና ትንሽ ሳለች አንድ ቀን የማይዝግ ቆርቆሮ ልክ እንደ ጣሪያ ክዳን ሞገድ ሞገድ አድርጎ አጥፎ ይዞላት ገባ። ሰፊዋ አገላብጣ አየችውና «ዛሬ ደግሞ ጣሪያ ላይ ወጥተን ልንበላ ነው?» አለችው። ነገር ግን ሊጡ ስስ ተደርጎ በዚያ ትሪ ላይ ሲጋገር እጥፋት እጥፋቱ ይደርቅና ሲነከስ ቀጭ ይላል፤ ጎረቤት ይሰማል። ልጅቷ «የጣሪያው ፒዛ» አለችው። በላዩ የሚደረገው ይለዋወጥ እንጂ ትሪው ከምድጃው ጎን ካለው ምስማር ሳይወርድ የከረመበት ወር አልነበረም።

ከዚያ በሰፊዋ ጉሮሮ ውስጥ እጢ ተገኘ። መጀመሪያ ዳቦ አልወርድ አላት፣ ቀጥሎ ሥጋ፣ ቀጥሎ ነገር ሁሉ። ድምፅዋም ተዘጋ፤ ያቺ ስታወራ የምታመሽ ሴት የምትናገረው በሹክሹክታ ሆነ። ሐኪሟ ደግሞ ነገር የማትሸፋፍን ሴት ነበረች። ጋሽ መዶሻን ለብቻው ቢሮዋ አስቀምጣ «እጢው ይወጣል» አለችው። «ግን ባለቤትዎ በዚህ አቅማቸው ማደንዘዣውን አይችሉትም። አሁን አርባ ሦስት ኪሎ ናቸው። በስድስት ሳምንት አርባ አምስት ይግቡልኝ። ለስላሳ ምግብ፣ ጨው የሌለው፣ ቅመም የሌለው። አርባ አምስት ካልገቡ ቢላዋ አላነሳም። ካላወጣነው ደግሞ ጉሮሮአቸውን ይዘጋዋል።» በአፍንጫዋ ቱቦ ማስገባትም ተሞክሮ ነበር፤ ሰፊዋ ሁለት ጊዜ በገዛ እጇ መዝዛ አወጣችው፤ ለሦስተኛ የሚደፍር ጠፋ።

እንግዲህ ነገሩ ሁለት ኪሎ ነበር። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲሸከም ኖሯል፤ ሁለት ኪሎ እንዲህ ከብዶት አያውቅም።

ሾርባ ሲያቀርቡላት ሁለት ማንኪያ ቀምሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ፋርማሲ የምትሠራው ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። «እማዬ፣ አፈር ስሆን አንድ ማንኪያ።» እናት «አንቺ አፈር አትሁኚብኝ፤ ጠግቤያለሁ» ትላታለች። ጠዋት «ጠግቤያለሁ»፣ ማታ «ጠግቤያለሁ»።

ጋሽ መዶሻ በሦስተኛው ቀን የመለኪያውን ደብተር ከጀርባው ገልጦ ቁጭ አለ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፣ የስፌት መኪናዋም ተሸፍና ከርማለች። ከዚያ ሁሉ ፒዛ ውስጥ የማይታኘከውን ሲፈልግ ዋለና ዱባ ቀቅሎ፣ አድቅቆ፣ በእንቁላል አያይዞ ጋገረ፤ ላዩ ላይ እንደ ቅቤ የሚቀልጥ አይብ አደረገበት። ለስልሳ ሁለት ዓመት ሰው የመጀመሪያ ሙከራ ክፉ አልነበረም። ሰፊዋ ሦስት ማንኪያ ወሰደችና «ደህና ነው» አለች። ያኔ ነው ልቡ የወደቀው፤ እሷ ስለ ፒዛ «ደህና ነው» ብላ አታውቅም፣ ወይ ትክባለች ወይ ታዋርዳለች። በሁለተኛው ቅዳሜ አበባ ጎመን በወተት ቀቅሎ አድቅቆ ሞከረ። በሦስተኛው ድንች በእርጎ፣ ላዩ የበሰለ ሙዝ። እሷ «ደህና ነው» አለች፣ ማንኪያዋን አስቀመጠች፣ ፊቷን አዞረች።

አባትና ልጅ ደግሞ የራሳቸውን የሚበሉት ማዕድ ቤት በሩን ዘግተው ነው። ይህን ማንም አላዘዛቸውም። «እሷ መብላት ካቃታት ፊቷ ማላመጥ ነውር ነው» ብለው በዓይን ተግባብተው ነው። ሽታው እንዳይደርሳት በበሩ ስር ፎጣ ይጠቀጥቃሉ፤ ቂጣው ኮሽ እንዳይል ሾርባ ውስጥ ነክረው ይውጡታል። ማንኪያውን እንኳ በእንጨት ቀየሩት። ጨውም ተዉ፤ ጋሽ መዶሻ የጨው ዕቃውን ከመደርደሪያው አንስቶ ቁም ሣጥን አናት ላይ ሰቀለው። የሚያደርጉት ሁሉ ከፍቅር ነበር፤ ሁለቱም ከስተው ልብሳቸው ሰፋባቸው።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ለመመዘን ሄዱ። ሰፊዋ ስለሚበርዳት ካፖርቷን ከላይዋ አታወልቅም፤ ነርሷም «ይተዉት እናቴ፣ እንደለበሱ ይውጡበት» አለቻት። ሚዛኑ አርባ ሁለት ተኩል አለ። ሐኪሟ ቁጥሩን ጻፈችና ቀና ብላ ጋሽ መዶሻን አየችው። እሱ ግን የሚያየው ካፖርቱን ነበር።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ይኼኛው ያደረገውን ያደረገው ቆርቆሮ ሠሪ ስለሆነ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን ባላሰበው። በማግስቱ ሱቁን ከውስጥ ዘጋና ለመበየጃ የሚያቀልጠውን እርሳስ በብረት ድስት አቀለጠ፤ ጣት በሚያህል ቦይ እያፈሰሰ ስስና ረዥም ቁራጭ አወጣ። በሱቁ ሚዛን መዘነው፤ ሁለት ኪሎ ተኩል። ማታ ሰፊዋ ስትተኛ ካፖርቱን ሰርቆ ወጣ፤ የታችኛውን እጥፋት ፈታና እርሳሱን ዙሪያውን አስገብቶ በጥቁር ክር ሰፋው። ለመጨረሻው የሚዛን ቀን መሆኑ ነው። ሐኪሟ ቁጥር ነው የጠየቀችው፤ ቁጥር ይሰጣታል። ከቁጥሩ በኋላ ስለሚመጣው ነገር ማሰብ አልፈለገም።

ሐሙስ ከሰዓት ከሱቅ ሲመለስ ሰፊዋ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኛት። ካፖርቱ ጭኗ ላይ ነው፣ እጥፋቱ ተተርትሯል። የእርሳሱን ቁራጮች ዚፕ እንደምትደረድረው በርዝመት በርዝመታቸው መስኮቱ ደፍ ላይ ደርድራቸዋለች።

«ይህን የሰፋው ማነው?» አለች በዚያች በሹክሹክታዋ።

«እኔ ነኝ።»

«የአንተ መሆኑንማ ዕውርም በእጁ ዳስሶ ያውቀዋል። የድንች ጆንያ አፍ ነው የሚመስለው። ጥያቄዬ ሰው ነው ወይስ ሰይጣን ነው ለማለት ነው።» አንዱን ቁራጭ አነሳች። «ስንት ይሆናል?»

«ሁለት ተኩል።»

«ሐኪሟ ቢላዋዋን ስታነሳ አልጋው ላይ የሚተኛው ማነው? እርሳሱ ነው ወይስ እኔ?»

ጋሽ መዶሻ የስፌት መኪናው ፊት ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። «እጢው ካልወጣ ትሞታለች አሉኝ» አለ። «እኔ የሰማሁት እሱን ብቻ ነው። ወዲያ ያለውን አላሰብኩም። አንቺ የሌለሽበት ቤት መግባት አልችልም። ፈርቼ ነው።» ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም። አለቀሰ፤ በእጁ መዳፍ ላይ የቀረው ጥቀርሻ ፊቱን አጠቆረው።

ሰፊዋ እስኪበቃው ጠበቀችው። እሱ አፍንጫውን ጠርጎ «ለምንድን ነው የማትበይው?» አላት። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቃት አልነበረም። ብዪ፣ አፈር ስሆን፣ በሞቴ ብለዋታል፤ ለምን ያላት የለም።

«እናንተስ መቼ ነው የምትበሉት?» አለች።

«እንበላለን እንጂ።»

«የት? እኔ አልሰማሁም። ሳህን ሲንኳኳ አልሰማሁም፣ ጥርስ ሲነክስ አልሰማሁም። ቅዳሜ በሩ ይዘጋል፣ ፎጣ ይጠቀጠቃል። የፎጣው ጫፍ በዚህ በኩል ይወጣል እኮ፣ አየዋለሁ። እዚህ ተኝቼ ምን እላለሁ መሰለህ? አልቅሰው ጨርሰውኛል እላለሁ። ቀብረውኝ ተመልሰው ድምፃቸውን አጥፍተው ተቀምጠዋል እላለሁ። የሞተ ሰው ደግሞ አይርበውም።»

«እንዳያምርሽ ብለን ነው» አላት። ሲናገረው ራሱ ሞኝነቱ ተሰማው።

«እንዲያምረኝ አይደል እንዴ የምትፈልጉት? ያላማረው ሰው በምን አንጀቱ ይበላል?» ትንፋሽ አጠራትና አረፍ አለች። ከዚያ እርሳሱን በሁለት እጇ ሰብስባ ወደ እሱ ገፋችው። «ይህን ወስደህ አሸንዳ ብየድበት። ቅዳሜ የጣሪያውን ትሪ አውርዱ። እዚሁ አልጋዬ አጠገብ ትበላላችሁ። እኔ ዱባዬን እበላለሁ።»

ቅዳሜ ሁሉም በር ተከፈተ። ሰፊዋ ከአልጋዋ ሆና ታዛለች፣ ድምፅዋ ስለማይሰማ ልጅቷ ደጃፉ ላይ ቆማ ቃሏን ታቀባብላለች። «ሊጡን አሳሳው ትልሃለች። አሁንም አሳሳው። ካርቶን አይደለም የምትቆርጠው ትልሃለች። ሽንኩርቱን ቀለበት ቀለበት አድርገህ ለብቻው አድርቀህ ጥበሰው። ኦቾሎኒውን እንዳታደቀው፣ ሁለት ሁለት ቦታ ሰንጥቀው።» ጋሽ መዶሻ ላብ በላብ ሆነ። ምድጃው ሲከፈት አንዱ ጎን አርሯል፣ እጥፋት እጥፋቱ ግን ቆሞ ደርቋል። ለሰፊዋ ዱባዋን በጎድጓዳ ሳህን፣ የእነሱን በዚያው በትሪው ይዘው ገቡ። አልጋው ላይ ጨርቅ ዘረጉና ተቀመጡ።

ማን ይጀምር። ልጅቷ አባቷን አየች፣ አባቷ ትሪውን።

«ንከሺ እንጂ» አለች እናት። «ሙሽራ ነሽ እንዴ የምታፍሪው።»

ልጅቷ ነከሰች። ቀጭ አለ። ሳምንታት ሙሉ ድምፅ ባልተሰማበት ክፍል ውስጥ ከሚገባው በላይ ጮኸ። እሷም እያኘከች እንባዋ ወረደ፤ ማቆም ሁለቱንም አልቻለችም፣ ማልቀሱንም ማኘኩንም። ጋሽ መዶሻ ቀጠለ። ያረረው ጎን የደረሰው እሱን ነው፤ እንደ እንጨት ሲሰበር ሰፊዋ ዓይኗን ጨፈነች። ፊቷ ላይ ያየውን ነገር ከታመመች ወዲህ አላየውም ነበር፤ ምራቋን ዋጠች። ከዚያ ማንኪያዋን አነሳች።

አንድ፣ ሁለት፣ አራት ማንኪያ። አባትና ልጅ ላለማየት ትሪው ላይ አቀርቅረው ቆረጠሙ። በመሃል ሰፊዋ «ጨው የለውም» አለች።

ተያዩ። «ቀምሰሽው ነው?» አላት ባሏ።

«መቅመስ ምን ያደርግልኛል? የልጄን አዋዋጥ አጣሁት? ጨው ያለውን እንዲህ አትውጠውም። የታለ ጨዉ?»

ጋሽ መዶሻ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ መሆኑን ተናዘዘ። ሰፊዋ ራሷን ነቀነቀች። «ለእኔ ቁስል የተከለከለውን እናንተ ምን አግብቷችሁ። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ሲባል አልሰማህም? በል አውርደው።» በርጩማው ላይ ወጥቶ አወረደው። ነሰነሱና እንደገና ነከሱ፤ እውነትም እስከዚያ ድረስ ሲበሉ የከረሙት አፈር ነበር። ሲጨርሱ ጎድጓዳው ሳህንም ባዶ ነበር። ሰፊዋ ደብተሯን አስመጥታ ጻፈች፦ «ቁጥር 1204፦ በጣሪያው ትሪ፣ ኦቾሎኒና የደረቀ ሽንኩርት። ጨው ረስተዋል። አንድ ጎኑ አርሯል። ከነዚህ ሁሉ ያልበላሁት ይህን ብቻ ነው፤ ሲበላ ግን ሰምቻለሁ።»

ከዚያ በኋላ ቅዳሜን የሚጠብቅ አልነበረም። ጠዋትም ማታም አልጋው አጠገብ ይቆረጠማል፤ ሰኞ የምስር ቂጣ፣ ረቡዕ የበቆሎ፣ አርብ የተረፈ ሩዝ እስኪደርቅ ተጠብሶ። እሷ የእነሱን እየሰማች የራሷን ትበላለች፤ አንዳንድ ቀን ይመልስባታል፣ አንዳንድ ቀን አሟት ሦስት ማንኪያ ላይ ትቆማለች፣ በማግስቱ ትቀጥላለች። ጋሽ መዶሻ ሚዛኑን ከሱቅ ወደ ቤት ሊያመጣው አስቦ ነበር፤ «ይህን ብረት ቤቴ እንዳታስገባ» አለችው።

በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ ነርሷ እንደ ልማዷ «ይተዉት እናቴ፣ እንደለበሱ ይውጡ» አለች። ሰፊዋ ካፖርቷን አውልቃ ለባሏ አቀበለችውና በስስ ቀሚሷ እየተንቀጠቀጠች ሚዛኑ ላይ ወጣች። ነርሷ ሁለት ጊዜ አነበበችው። አርባ አምስት ከአንድ መቶ ግራም። ሐኪሟ ሰኞን ቀጠረችላቸው። ጋሽ መዶሻ ካፖርቱን በሁለት እጁ ታቅፎ ነበር፤ አንገቱን ሰብሮ የእጅጌውን ቁልፍ ሲቆጥር ቆየ።

ሰኞ ጠዋት በተሽከርካሪ አልጋ ይዘዋት ገቡ። ልጅቷ የወረቀት ሥራውን ልትጨርስ ወደ ታች ወረደች። ሰውየው ኮሪደሩ ውስጥ ግድግዳው ጋ ካለው አግዳሚ ላይ ካፖርቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አንድ ሰዓት ሄደ፣ ሁለት፣ ሦስት። የሚይዘው ያጣው እጁ ካፖርቱን ሲዳብስ ወደ ታች ወረደና እጥፋቱ ላይ ደረቅ ነገር ነካ።

ደነገጠ። አንድ ቁራጭ እርሳስ ቀርቶ ይሆን? አለ በልቡ። ካፖርቱን ሳትለብስ እንደተመዘነች ትዝ ያለው ቆይቶ ነው። እጥፋቱን ወደ ብርሃን አዙሮ አየው። ስፌቱ ደቃቅና ቀጥ ያለ ነው፤ የእሷ ነው። ክሩን በጥርሱ በጠሰው።

ውስጡ ከደብተሩ የተቀደደ ወረቀት ነበር፤ ወረቀቱ ውስጥ ከጣሪያው ትሪ ላይ የተሰበረ ሦስት ጣት የሚያህል ጠርዝ፣ ደርቆ ድንጋይ የሆነ። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ዛሬ ቁርስ ሳትበላ እንደምትመጣ አውቃለሁ። ይህን ብላ። እኔ ስወጣ እንደገና በር ዘግተህ እንዳላገኝህ። ጨው አለው።»

ጋሽ መዶሻ ግራና ቀኙን አየ። ወዲያ ማዶ ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለዋል፣ ጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን ትወለውላለች፣ ኮሪደሩ ጸጥ ብሏል። ነከሰው። ቀጭ ሲል ጽዳት ሠራተኛዋ ዞራ አየችው፤ አላፈረም። ቀስ እያለ፣ እያንዳንዱን ጥግ፣ ድምፁን ሳይቀንስ ቆረጠመው። ጨው ነበረው።

የመጨረሻዋን ቁራጭ አፉ ውስጥ እንዳደረገ በሩ ተከፈተና ሐኪሟ የአፍ መሸፈኛዋን አውርዳ ወጣች። «ደህና ናቸው» አለችው። «እጢው ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። ቶሎ አይነሱም፣ ድምፃቸውም እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል። ግን ደህና ናቸው።»

እሱ ሊመልስላት ፈለገ፤ አፉ ሞልቶ ነበር። ካፖርቱን እንደያዘ ተነስቶ ቆመና ራሱን ነቀነቀላት። ሐኪሟም አኝኮ እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀችው።